«ኧረ አትቸገሩ» ያልኩት ስኮላርሺፕ

ጓዶች፣ ቁጭ በሉ። ይሄ ቆማችሁ የምታነቡት ፖስት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ «የኮሌጅሽን ክፍያ እንሸፍንልሽ?» ተባልኩ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኧረ አትቸገሩ!»

አዎ። ወላሂ እንደዛ ነው ያልኩት። በፈገግታ!

ከመሳደባችሁ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔ ስኮላርሺፕ ማሳደድ የጀመርኩት አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጓደኞቼ ቲክቶክ ላይ ሲጨፍሩ እኔ የስኮላርሺፕ ቴሌግራም ቻናል ላይ አፍጥጬ እውል ነበር። ስንት ኢሴይ ጽፌ ስንቱን እንደቀደድኩ አትጠይቁኝ። ዩቱብ ላይ ስለ ኢንተርቪው ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ፕላን የሚባል ነገር ካለ፣ በቃ እኔ ጋ ነበር።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ በጣም ሩቅ ሆነ። እማ «ልጄን እዛ ድረስ አልልክም፣ እዚሁ የግል ኮሌጅ እናስተምርሻለን» አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ሶፍትዌር ልማር ነው!

ከዛ ካዛንቺስ የነበረው የእማ የጨርቅ ሱቅ ለልማት ፈረሰ። ቤታችንም አብሮ ሄደና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ገባን። የአባዬ ሚኒባስ ደግሞ ሞተሩ ነክሶ ጋራዥ ከተኛ ወራት አልፎታል።

በአጭሩ ኮሌጁ ተቀብሎኛል፣ የሚከፍልልኝ ግን የለም። ይሄ ስኮላርሺፕ ካልተሳካ ዘንድሮ ቤት ተቀምጬ ጣራ ማየቴ ነው።

ስኮላርሺፑ ደግሞ ለማን መሰላችሁ? ጎበዝ ሆነው ቤተሰባቸው መክፈል ለማይችል ልጆች። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጠዋት ለኢንተርቪው ስወጣ እማ በር ላይ አቆመችኝ። ሂጃቤን እያስተካከለች፣ «ስሚ፣ ሰው ፊት ነው የምትቀርቢው። ሲጋብዙሽ ዘለሽ እሺ እንዳትዪ። የቤታችንን ገመናም ለማንም እንዳትዘረግፊ» አለችኝ።

ይሄን ምክር እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አታስመስሉ! ሰው ቤት ሄዳችሁ «ብሉ» ስትባሉ «በልተናል» ትላላችሁ፣ አንጀታችሁ ተጣብቆ። «በሞቴ!» ይሏችኋል። «ኧረ ጠግበናል።» «አፈር ስሆን!» ሲባል ያኔ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ሕጉ ይሄ ነው።

ችግሩ ኦሎምፒያ ያሉት ሰዎች ሕጉን አያውቁትም።

ምልክቱ እኮ ገና ስገባ ታይቶ ነበር። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ሻይና ቦምቦሊኖ አቀረበችልኝ። ቁርስ አልበላሁም። ቦምቦሊኖው ደግሞ ገና ይሞቃል! «ኧረ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኳት።

«ኦኬ» ብላ ይዛው ሄደች።

ኦኬ?! ምን ማለት ነው ኦኬ?! እኔ እኮ ገና መጀመሬ ነው!

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

ገባሁ። አንድ ፈረንጅ፣ አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ እና ወይዘሮ ሰናይት የሚባሉ ሴትዮ ተደርድረዋል። ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ አንበለበልኩት። ፈረንጁ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ወይዘሮ ሰናይት ፈገግ ብለዋል። ጎበዝ ነኝ እኮ፣ አትጠራጠሩ!

ከዛ ወደ ቤተሰብ ተዞረ።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አሉ ሽማግሌው።

የእማ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ጋራዥ ስለተኛ ሚኒባስ ላወራ ነው እንዴ? «ትራንስፖርት ዘርፍ ላይ ነው» አልኩ።

«እናትሽስ?»

«ነጋዴ ናት።»

ማለቴ፣ ውሸት አይደለም። ነጋዴማ ናት። ሱቁ ነው የሌለው!

«ኑሮስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብንም!»

አያችሁልኝ? መክፈል ለማይችሉ ነው ባልኳችሁ ስኮላርሺፕ ላይ አባቴን የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት፣ እናቴን አስመጪና ላኪ አድርጌያቸው ቁጭ አልኩ። በዛ ላይ ሆዴ በረሃብ እየጮኸ ነው፣ እንዳይሰማ ወንበሩን ጎተት አደርጋለሁ።

ፈረንጁ ወደፊት ጠጋ አለ። «የኮሌጁን ክፍያ ላፕቶፕም ጨምረን ልንሸፍንልሽ እንችላለን። ያስፈልግሻል?»

ልቤ «አዎ!» ብሎ ዘለለ። አፌ ግን የእማ ተማሪ ነው።

«ኧረ አትቸገሩ!» አልኩ። አልገባው እንደሆነ ብዬ ደግሞ ራሴው ተረጎምኩለት። «ኖ ኖ፣ ፕሊስ፣ ዶንት ወሪ!»

እና መጠበቅ ጀመርኩ። ፈረንጁ «በሞቴ» እንዲለኝ! እስቲ አሁን ይሄ ጤና ነው?

«ግሬት!» አለ። ለበለጠ ችግረኛ ማሰቤ እንዳስደሰተውም ነገረኝ። ተነስቶ ጨበጠኝ፣ ሽማግሌው መረቁኝ፣ ወይዘሮ ሰናይት ብቻ ትክ ብለው አዩኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

የሠራሁት ሥራ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው። «ወይኔ!» ብዬ ስጮህ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ብሎ አስቆመልኝ። መውረጃዬ አይደለም ማለት አፈርኩ።

ወረድኩ። ሂሳቤን ከፍዬ፣ አመስግኜ ወረድኩ! የቀረውን መንገድ ራሴን እየሰደብኩ በእግሬ ኳተንኩት።

እማ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝ። ከዛ፣ «ስንቴ ጠየቁሽ?» አለች።

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ?! ሁለተኛ እንኳ ሳይሉሽ? አይ አሳዳጊ የበደላቸው!»

ተናደደች እኮ! በእኔ አይደለም፣ በእነሱ!

«እማ፣ ስኮላርሺፕ እኮ ነው፣ ዶሮ ወጥ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባት። ከዛ እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ «አትቸገሩ» ሄደ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ስትል የኖረችው እኮ እሷው ራሷ ናት። ይሄኛውና የጠዋቱ ምክር አብረው እንዴት እንደሚሄዱ ግን አስረድታኝ አታውቅም።

እማ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ሰናይት! ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ያቺ መልስሽ አላማረችኝም። ውሳኔው ሳይዘጋ ሁለተኛ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ስኮላርሺፑ ያስፈልግሻል?»

ሁለተኛው ጥያቄ! ያ አላህ፣ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ!

እና ይሄ መድኃኒት የሌለው አፌ ምን አለ? «ኧረ እንዳላስቸግርዎ...»

እማ ስልኩን ከእጄ መነጨቀችው።

«ያስፈልጋታል!» አለች። «እናቷ ነኝ። ሱቄ ፈርሷል፣ የአባቷም መኪና ቆሟል። ቸግሮናል፣ እህቴ። እዚሁ አስተምርሻለሁ ብዬ አስቀርቻት አቃተኝ።»

ጓዶች፣ ይሄን ያለችው እማ ናት። ሱቋ በፈረሰ ቀን ጎረቤት «እንዴት ነሽ?» ሲላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ የሳቀች ሴት። ለእህቶቿ እንኳን ቸገረኝ ብላ አታውቅም። ድምፅዋ ሲሰበር ስሰማ ለአፍታ ኮሌጁም ላፕቶፑም ጠፋኝ።

«አይዞዎት» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ። ቃል ግን አልገባልዎትም። ነገ እደውላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። እማ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ኪችን ገባችና ምስር ወጥ በትሪ ይዛ መጣች። ሽታው ብቻ ይገድላል! ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ውሃ እንኳን አልቀመስኩም።

«ብዪ» አለችኝ።

«አይ እማ፣ አልራበኝም።»

አስቤ ነው እንዴ? አፌ ነው! ብቻውን ነው የሚሠራው!

እማ አየችኝ። ትሪውን አነሳች። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አንዴ ነው የሚጠየቀው» ብላ ወደ ኪችን ተመለሰች።

ቀልዷን መስሎኝ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ይሄን ስጽፍላችሁ እየበላች ነው፣ እስከዚህ ድረስ ይሰማኛል!

እንግዲህ ለነገው ስልክ ዱዓም ጸሎትም አድርጉልኝ። እስከዛ ግን፣ ጎተራ አካባቢ ምሳ ያልበላ፣ ብቻውን መብላት የማይወድ ሰው ይኖራል?

አንዴ ጠይቁኝ። ይበቃል።