ከዜና በፊት ትመጣ የነበረች ሰዓት

ድሮን እንደ አያት ርስት የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዲላ ላይ፣ ዲሽ ጠጋኙ ደጀኔ በሚኖርበት ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እትዬ ሸዋአለም ናቸው። ርስታቸው ሰፊ አይደለም። ከማታው የሁለት ሰዓት ዜና በፊት በቴሌቪዥን ትመጣ የነበረች አንዲት ክብ ሰዓት፣ ከእሷም ጋር የጣቢያው የመክፈቻ ሙዚቃ፤ በቃ።

"የዛሬ ጣቢያ መክፈቻ የለው፣ መዝጊያ የለው፤ እንደ ሰካራም ሲለፈልፍ ይውላል!" ይላሉ።

የዕድር ስብሰባ ቢያረፍድ "ሰዓቷን ካነሷት ወዲህ ነው!" ሚኒባስ አልነሳ ቢል "ሰዓቷን ካነሷት ወዲህ ነው!" የጎረቤት ልጅ በተጋባች በስድስት ወሯ ልፋታ ስትል እንኳ ሽማግሌዎቹን አቋርጠው፣ "ድሮ ሰው መታገሥን ከሰዓቷ ነበር የሚማረው" ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ አቀረቀሩ።

የዛሬ አራት ዓመት ደጀኔን አስጠሩትና፣ "ዲሹ ተበላሽቷል፤ ሰዓቷን አያመጣም" አሉት። ሰዓቷ ከቀረች ዘመን እንዳለፈ ደጀኔ ያውቃል። ግን እኒያ አጭር አሮጊት አንጋጠው ሲያዩት እውነቱ አፉ ላይ ቀረ።

"ንፋስ አንቀሳቅሶት ነው እትዬ። በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች።"

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያ ላይ ነው። እትዬ ከታች መሰላሉን ይዘው ያዝዙታል፤ "ወደ ግራ! ቀስ! ሙዚቃው የተሰማኝ መሰለኝ!"

ባለፈው ወር ግን ከመሰላሉ ሳይወርድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

"ደጀኔ፣ የለችም አይደል?"

በእጁ የያዘው መፍቻ ከበደው። "የለችም እትዬ። እኔ ዲሽ መሥራት ሳልጀምር ነው ያስቀሯት።"

ይቆጡኛል ብሎ ሲጠብቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና ያወሩለት ጀመር። ያኔ በመንገዱ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ነበር። ማታ ማታ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ሰዓቷ ስትመጣ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ሰከንድ ቆጣሪዋ ቀጭን ዘንግ አሥራ ሁለትን ስትነካ እትዬ በሩን ይቀረቅራሉ። "ዜና ከገባ ሰው አይገባም" ሕጋቸው ነበር። አንድ ማታ ጎረቤታቸው ሀዲጃ አርፍዳ አንኳኳች። ባሏ ፈይሰል በሞያሌ መንገድ ሹፌር ነበር፤ መኪና ተገለበጠ የሚል ወሬ ሰምታ፣ ዜናው ምን ይል ይሆን ብላ ነው የመጣችው።

"እሷ መሆኗን አውቄ ነበር" አሉ እትዬ። "ሰው ሁሉ ያየኛል። ሕጌ እንዳይፈርስ ብዬ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ፈይሰል በማግስቱ በሰላም ገባ። እሷ ግን ደጄን ዳግም አልረገጠችም፤ ቤታቸውን ነቅለው ይርጋጨፌ ሄዱ። ያቺን ሰዓት አንዴ እንኳ ባያት፣ ሳትሞላ ተነስቼ በሩን የምከፍት ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ።"

ደጀኔ ይርጋጨፌም ዲሽ ይሰቅላል፤ ጨርቅ ነጋዴዋን ወይዘሮ ሀዲጃን ያውቃቸዋል። በእሁዱ እትዬን ይዟቸው ሄደ።

ወይዘሮ ሀዲጃ በሩን ከፍተው አዩዋቸው።

"ሸዋዬ?"

"እኔው ነኝ። ያን ማታ አውቄ ነው የዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ።"

"በመስኮቱ አየሁሽ እኮ" አሉ ሀዲጃ። "እስኪነጋ ያለቀስኩት ለፈይሰል ብቻ አልነበረም።"

ከዚያ ተቃቀፉ። ተላቅሰው ሲያበቁ እትዬ፣ "ፈይሰልስ የት አለ?" አሉ።

"ከሞተ ዓመት ሞላው። 'ሸዋአለም ኩሩ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም፤ አንድ ቀን ትመጣለች' እያለ ሁልጊዜ ይሟገተኝ ነበር።"

ሲመለሱ ሚኒባሱ የወናጎን ከተማ አለፈ። እትዬ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ፣

"ደጀኔ፣ የዛሬ አራት ዓመት እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሰዓቷን መጠበቅ ትቼ ያኔውኑ እመጣ ነበር። ፈይሰልን አገኘው ነበር" አሉ።

ያን ሁሉ ዘመን ደጀኔ ደግ የሠራ ይመስለው ነበር። ዲላ ወርደው መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሲያገኙት ክንዱን ዘረጋላቸው፤ ትተውኝ ይሄዳሉ ብሎ ፈርቷል። እትዬ ጭቃውን አዩት፤ ከዚያ ክንዱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

"ቀስ አድርገህ ምራኝ። ዛሬ እኔ ቤት ትበላለህ" አሉት። "እንደተቆጣሁህ ግን እወቀው።"