ጉልበት ያነሳት ሞተሬ

ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። አታምኑኝም? አልነሳም ያለ ሞተር አጠገብ ትንሽ ቁሙና እዩት።

የእኔዋ ሞተር አንድ ራስ ሽንኩርት ታክላለች። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ናት፤ ቱ ስትሮክ የሚሏት፣ ዘይቷን ከነዳጇ ጋር ቀላቅላ የምትጠጣ። ዘይቱም የጉሎ ዘይት ነው። እህቴ ለፀጉሯ ያስቀመጠችውን እንኳ አልማርኩም።

ችግሯ ጉልበት ነው። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሯጮች ሳንባቸውን ሊያጠነክሩ ወደዚህ ይመጣሉ፤ አየሩ ስስ ነዋ። ለሯጭ ጥሩ ይሆናል። የእኔዋ ግን አየር ያጥራትና ታቃስታለች፤ አውሮፕላኑም ከባሕር ዛፉ አጥር በላይ አልወጣም ይላል።

ባይወጣስ ምን ቸገረህ ትሉኝ ይሆናል። ሜዳዬን አጣለሁዋ። ሜዳው የኦቦ ዳዲ ነው። ከአጥሩ ማዶ ገብስ አላቸው፤ ገብሱ ሲያሸት ወፍ ይወርረዋል። ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ተስማማን። እኔ ሜዳቸው ላይ አውሮፕላኔን አበርራለሁ፣ አውሮፕላኑ አጥሩን ተሻግሮ ወፍ ያባርራል። ካላባረረ ሜዳው ታጥሮ ሣር ይታጨድበታል። ሌላ ሜዳ እንዳልፈልግ ቤት ያልተሠራበት ቦታ የት አለ? ጠዋት ሲያገኙኝ «አካም ጅርታ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኝና፣ ሳልመልስላቸው የሞተሯን ጤንነት ይጠይቁኛል።

ያላደረግኩት የለም። አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ለወጥኩ። የነዳጅ መርፌዋን አጠበብኩ፣ አሰፋሁ። ሳጠብበው ትግላለች፣ ሳሰፋው ጭስ ብቻ ነው። አንዱ መካሪ ዘይቱን ቀንስ አለኝ፤ ፒስተኗ ተጫረ። ሌላው ጨምር አለኝ፤ ካንዴላዋ ታፈነ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው ግን የሚመክረው እኔን ሆነ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቡራዩ፣ ተስፉ ጋ ሄድኩ። ተስፉ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። እዚያ ያሉ ጎረምሶች ሞተራቸው እንዲፈጥን ሲፈልጉ ማርሚታውን ያስበሱታል፤ ከጮኸ ፈጠነ ነው እምነታቸው። ተስፉም ጩኸት የምታፍነዋን የእኔን ማርሚታ ሳይጠይቀኝ ቆርጦ ጣላት። ተው ልለው አፌን ስከፍት ጨርሶ ነበር። እንዴት እንደተናደድኩ! እሱ ግን አሁን ገና ተነፈሰች አለኝ።

በነጋታው ኦቦ ዳዲ ቆመው እያዩ አስነሳኋት። እናንተዬ፣ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል። አውሮፕላኑ ግን እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ሄደና ባሕር ዛፉ ላይ ተሰካ። ክንፉ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰባብሮ፣ አፍንጫው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሞተሯ ነዳጇ እስኪያልቅ ጮኸች። ገብሱ ላይ አንድ ወፍ አልቀረም።

ስብርባሪውን ሳወርድ ዕንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር ኦቦ ዳዲ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ሜዳው ያንተ ነው» አሉኝ።

ክንፉን ጠግኜ እንደምመለስ ነገርኳቸው።

«ክንፍ ለምኑ ነው? ክንፍማ ወፎቹም አላቸው» አሉና እንጨት ሊተክሉ ሄዱ።

አሁን ሞተሯ ገብሱ መሃል፣ እንጨት ላይ ታስራ ትጮሃለች። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ሄጄ የማስነሳት እኔ ነኝ። ሰፊ ሜዳ አለኝ፤ የማበርረው ነገር የለኝም። ትናንት ደግሞ የኦቦ ዳዲ ጎረቤት መጥተው ለእርሳቸውም ማሳ አንዲት ሞተር እንድፈልግላቸው ለመኑኝ። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ የአዲሷን ጉልበት በደንብ አድርጌ እንደምጨምረው ነገርኳቸው።

ደነገጡ። «ተው ልጄ» አሉኝ፣ «ትበርና ታመልጠናለች።»