ጭሳችን ወደ እትዬ ሞሚና

ጩኸት ሥራ ቢሆን ኖሮ ያ የጭስ መሳቢያችን በየዓመቱ ይሸለም ነበር። ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ሲያጓራ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ጭሱስ ወዴት ሄደ? የትም! ባለቤቴ ዘይነብ ደግሞ አስም አለባት። ሽንኩርት ማቁላላት በጀመረች ቁጥር ሳሏ ሳሎን ድረስ ይመጣል። በርና መስኮት ብንከፍትም በከሚሴ ሙቀት ንፋስ የሚባል ነገር ዝር አይልም።

መሳቢያውን የላከልን አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ነው። የራሱን ወጥ ቤት ሲያድስ ከግድግዳው ያወረደው አሮጌ ዕቃ ነው። ምን ይባላል? አመስግነን ሰቀልነው። እንግዳ በመጣ ቁጥርም እየተጠራ ይጎበኘዋል። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ፈታሁት። ጉድ እኮ ነው! ለካ የጭስ መውጫ ቱቦ የለውም። ከድስቱ የሳበውን ጭስ በአናቱ በኩል መልሶ እዚያው ወጥ ቤት ይተፋዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ለወንድሟ ደውዬ ብጠይቀው ቱቦው እዚያው አዲስ አበባ ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል አለኝ። ደግሞ እኮ ይስቃል!

አዲስ እንዳልገዛ አቅም የለኝም። ዝም እንዳልል የሚስቴ ትንፋሽ ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄጄ አጭር ቱቦ አሠራሁ፤ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ትንሽ ማራገቢያ ገዛሁ፤ ግድግዳውን አስበስቼ ገጠምኳቸው። በአንዱ በኩል መኝታ ቤት፣ በሌላው ሳሎን ስለሆነ ቀዳዳው የወጣው በጎረቤታችን በእትዬ ሞሚና ግቢ በኩል ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ጭሱ እየተንጎራደደ ወጣ። ዘይነብ ሳትስል ወጥ ሠራች። አልዋሽም፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር።

ደስታዬ የቆየው ሥጋ እስከምንገዛ ነው። ሥጋ በተገዛ ቁጥር ከሥራ ስገባ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ማራገቢያው ጠፍቷል፣ ሚስቴ ደረቷን ይዛ ትስላለች። መብራት ሄደ እንዳልል መብራቱ አለ። በመጨረሻ አፋጥጬ ጠየቅኳት። የድስት ሽታ የደረሰው ጎረቤት ከድስቱ የመቅመስ ሐቅ አለው አለችኝ። ሽሮ ሲሆን ግድ የለም፣ ሽሮ የሌለው ማን ነው? ሥጋው ግን ለእኛም አይበቃ። ሽታውን ልኮ ሥጋውን ማስቀረት ደግሞ ወንጀል ነው። ስለዚህ መፍትሔው ማራገቢያውን ማጥፋት ሆነ!

እርር አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ግድግዳዬን ያስበሳሁት ለሽሮ ነው? ለሽታ ሐቅ ሲባል ሰው በቁሙ ይታጠናል? የራሷ ደረት ሐቅ የለውም? ጮህኩ። እሷ ግን እየሳለች፣ ቀስ በል ይሰማሉ ትለኛለች።

ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ሞሚና የኦሮምኛ ሰላምታ መጣ።

«አካም ጅርቱ! አንች ዘይነብ፣ ዛሬም ሥጋ ገዛችሁ?»

ተያየን። ሽታው እንደሆነ ከእኛው ጋር ታፍኗል። በምን አወቁ ብላ ዘይነብ በቀጭን ድምፅ ጠየቀች።

«ሽሮ ስትሠሪማ አትስይም! በይ ክፈችው ልጄ፣ ለደረትሽ እዘኝ። ሽታውን አፉ ብየሻለሁ።»

ይቅር ተባለልን! ሮጬ ማራገቢያውን ከፈትኩት፤ ጭሱም ወደ እሳቸው ግቢ ጎረፈ። እትዬ ሞሚናም ጨመሩ፦

«ሥጋውን ግን አፉ አላልሁም። ሳህን ይዠ መጣሁ።»