መስኮት የማያስዘጋው የጥርስ ሐኪም

ጠንቃቃ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በሩን መቆለፉን ለማረጋገጥ ሦስቴ የሚመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ የሚዞር፣ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ከማለቱ በፊት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እግዜር ጠንቃቃ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ሲያድል፣ ለእኛ ለመንዝ ቀየት ከተማ ሰዎች የሁሉንም አለቃ ሰጠን፦ ሊቀ ጠንቃቃን ምንተስኖት ይሥሐቅን፣ የከተማችንን ብቸኛ የጥርስ ሐኪም።

ኮሮና ሳይመጣም ጓንቱን የሚቀይረው ሌላው ሰው ሐሳቡን ከሚቀይረው በበለጠ ፍጥነት ነበር። ኮሮና ሲመጣ ማዕረጉ ጸና። ጥርስ የሚሰረስርበትን ማሽን «ከአፍ የወጣውን ውሃ ክፍሉን ሙሉ ይረጨዋል» ብሎ ዘጋው። የማያስቸኩል ሕመም ያለበትን ሁሉ ከበር መለሰ። መከላከያ ልብስ ሲጠፋ በነጭ ካፖርቱ ላይ የዝናብ ልብስ ደረበ፣ ፊቱንም በላስቲክ ጋረደ። አንድ በሽተኛ ከወጣ በኋላ ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ባዶውን ይናፈሳል፣ ተረኛው ደጅ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ችለን ነበር። ያልቻልነው መስኮቱን ነው።

የመንዝን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። እኛ አፍና አፍንጫችንን በበርኖስና በጋቢ ሸፍነን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለታመመ ጥርስ ደግሞ ከነፋስ የከፋ ጠላት አናውቅም። ሊቀ ጠንቃቃን ግን በሐምሌ ጉም ሁለቱንም መስኮት ወለል አድርጎ ከፍቶ «አፍዎን ይክፈቱ» ይላል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ጉንጫቸው አብጦ ከጓሳ በኩል በፈረስ የመጡ ዕለት እዚያው ነበርኩ።

«አንተ ልጅ፣ ጥርሴን ልትነቅል ነው ወይስ በነፋስ ልታስመታኝ?»

«መስኮቱ አይዘጋም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አፌም አይከፈትም!»

ግማሽ ሰዓት ተፋጠጡ። በመጨረሻ እትዬ ማንጠግቦሽ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው፣ ከአፋቸው በቀር ምናቸውም ሳይታይ ጥርሳቸው ተነቀለ። ገበሬው አበረ ደግሞ እስከ ዛሬ አልገባውም። «ያለ ማስክ አትገባም አለኝ። ማስክ አድርጌ ስገባ አውልቅ አለኝ። ታዲያ ምኑን አስደረገኝ?» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ምንተስኖት ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ «እናንተ ሁለት ሜትር ተራራቁ ተባላችሁ። እኔ የምሠራው ከሰው አፍ አንድ ስንዝር ላይ ነው።» ይህችን ንግግሩን ጠላ ቤት ውስጥ በእሱ ድምፅ እየደገምን ስንት ቀን ስቀንባታል። ከሁሉም በላይ አስመስዬ የምናገረው እኔ ነበርኩ።

አባቱ መምሬ ይሥሐቅ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ቄስ ናቸው፤ አስም አለባቸው። ምንተስኖት መጋቢት ላይ ልብሱን ጠቅልሎ ከአባቱ ቤት ወጣና ከክሊኒኩ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ገባ። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ይቆማል። መምሬ ከደጃፋቸው መስቀላቸውን ያነሱለታል፣ እሱ ከአጥሩ ውጭ ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ምግባቸውን የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ የመምሬ መንጋጋ መግል ያዘ። ፊታቸው አበጠ፣ ትኩሳትም ያዛቸው። በዚያ ጭቃ ሌላ ሐኪም ጋ ማድረስ የማይታሰብ ነበር። ምንተስኖት ወንበር ተሸክሞ መጣና ግቢው መሐል አስቀመጠው። ራሳቸውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

«ለሰላምታ አራት ወር ሙሉ ያልቀረብከኝ ልጅ፣ ለጥርሴ ሲሆን ቀረብከኝ?» አሉት።

ከላስቲኩ ጀርባ የምንተስኖት ዐይን ቀልቶ ነበር። ጥርሱን ነቀለ፣ ደሙ መቆሙን አየ፣ መድኃኒቱን ለእኔ ሰጠኝና ወንበሩን ተሸክሞ ከአጥሩ ውጭ ወጣ።

ከዚያ አሥራ አራት ቀን መቁጠር ጀመረ። የሁልጊዜ ጥያቄው አንድ ነበር።

«አባባ፣ ያስልዎታል?»

«ምንም። እግዚአብሔር ይመስገን።»

በአምስተኛው ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ መምሬን ከበጎቹ በረት ጀርባ አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጭነው በሳል ይንፈራፈራሉ።

«ዝም በል» አሉኝ። «የክረምቱ ሳሌ ነው፣ በየዓመቱ የሚይዘኝ። እሱ ከሰማ እኔ ነኝ ያስያዝኳቸው ብሎ እንቅልፍ አይወስደውም።»

ዝም አልኩ። ትክክል ያደረግሁ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔም ቀን ቆጣሪ ሆንኩ። ጠዋትና ማታ ትኩሳት እንዳላቸው እጠይቃለሁ፣ አተነፋፈሳቸውን ከደጅ ቆሜ አዳምጣለሁ፣ የቤታቸውን መስኮት በገዛ እጄ እከፍታለሁ። የሳቅኩባት አንዲት ስንዝር ምን ያህል እንደምታስፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው። ምንተስኖት በየቀኑ አሥር አፍ ላይ ጎንበስ እያለ ይህን ፍርሃት ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። አፈርኩ።

ደግነቱ ትኩሳቱ ጠፋ፣ ሳሉም አልባሰም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ምንተስኖት አጥሩን አልፎ ገባ። መስቀላቸውን ተሳለመ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ከዚያ አንገታቸው ሥር ገብቶ ቀረ። መምሬ ጥርሳቸውን ነክሰው ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ ፊታቸው ቀላ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ልጃቸው የናፍቆት እንባ መስሎት ይብሱን አለቀሰ። ሳላቸውን አፍነው የያዙት መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ግን የማፍነው ሳል አልነበረኝም።