ከምሳ በኋላ የማያትም ፕሪንተር

ሰው ከሰው የሚጣላው በመሬት ነው፣ በውርስ ነው፣ በሚስት ነው ያሉን አባቶቻችን ምስኪኖች ናቸው፤ ፕሪንተር አላዩም። አንድ ፕሪንተር ለአራት ኮምፒውተር አካፍሎ የኖረ ሰው ድንበሩን የገፋበትን ጎረቤት አቅፎ ይስማል። መሬት ቢያንስ አይዋሽም። "ዝግጁ ነኝ" ብሎ እያፈጠጠባችሁ ዝም አይልም...

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ አማቴ አባባ ዘውዴ በሠሩት ግቢ ውስጥ ነው። አባባ ዘውዴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። ባቡሩ መምጣት ከተወ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሚተኙትም የሚነሱትም በባቡሩ ሰዓት ነው። ሰንሰለት ያላት የኪስ ሰዓት አለቻቸው። ሬዲዮው ሰዓት ሲናገር አውጥተው ያዩዋታል፤ ልዩነት ከተገኘ የሚጠረጥሩት ሬዲዮውን ነው።

ግቢው ውስጥ አራት ኮምፒውተር አለ። የእኔ ሳሎን፣ የባለቤቴ የሰብለ መኝታ ቤት፣ የአባባ ዘውዴ ደግሞ ጓሮ ክፍላቸው፤ የእድር ጸሐፊ ስለሆኑ ማስታወቂያ ይጽፉበታል። አራተኛው የተከራያችን የሰይድ ነው። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፣ በአይሱዙው ጭነት ያመላልሳል፤ በደረሰበት ሁሉ "ደብዳቤ አምጣ" ስለሚሉት ደብዳቤ ሲጽፍ ነው የሚኖረው። ፕሪንተሩ ግን አንድ ነው፤ እሱም ከእኔ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ። አራቱን በገመድ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ... አንድ የኮምፒውተር መጽሐፍ እስከ ግማሹ ያነበብኩ ሰውዬ። ገመዱን በግቢው አየር ላይ ዘርግቼ በኩራት ሳየው ሳምንት አልሞላኝም፣ የሰይድ ባለቤት ዘይነባ ብርድ ልብስ አሰጣችበት።

"ዘይነባ፣ እሱ እኮ የኮምፒውተር ነው" አልኳት።

"ውይ፣ ገመድ መስሎኝ" አለች።

ምን እላታለሁ? ገመድ ነው።

የመጀመሪያው ችግር እንቅልፍ ነበር። ሰይድ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ ደብዳቤውን ይልካል፤ አባባ ዘውዴ እንቅልፍ ሲያጡ እኩለ ሌሊት ላይ የእድር ማስታወቂያ ይልካሉ፤ ፕሪንተሩ ሳሎን ውስጥ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ስለዚህ መመሪያ አወጣሁ። ያን ጊዜ መመሪያ የማያወጣ ማን ነበር? ግድግዳው ላይ በትልቁ ለጠፍኩ፦ "የፕሪንተር አገልግሎት የሚሰጠው ከ2፡30 እስከ 11፡30 ብቻ ነው።" ለሰው ብቻ ነግሬ አልተውኩትም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቼ ለማሽኑም ነገርኩት። በዚያ ላይ ማታ ማታ ኮምፒውተሩን አጠፋዋለሁ። "ማጥፋቱ ብቻውን አይበቃም ነበር ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። መመሪያ የሌለው ማጥፋት፣ ወዳጆቼ፣ መብራት መጥፋት ይባላል።

ከማግስቱ ጀምሮ ፕሪንተሩ ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት ሲላክለት ያትማል፤ ከምሳ በኋላ አያትምም። አልተበላሸም፣ ወረቀት አልጎረሰም፣ ቀለም አልጨረሰም። የላኩለትን ሁሉ ወረፋ ውስጥ አስገብቶ "ዝግጁ ነኝ" ይላል። በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍተው የትናንቱን ሁሉ ተፍቶ ይጨርሰዋል።

ይኼ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። አንድ ማክሰኞ አባባ ዘውዴ ስምንት ሰዓት ላይ "ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል" የሚል ማስታወቂያ አርባ ቅጂ ላኩ። አልወጣም። ሰዉ በአፍ ተጠራርቶ ቀበረ። ረቡዕ ጠዋት አርባውም ወጣ፤ የእድሩ ለፋፊ መጥቶ አገኘውና ሳያነብ አደለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ ሰባት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። ማንን እንደሚቀብሩ ግራ ቢገባቸው እርስ በርስ እየተያዩ ትንሽ አልቅሰው ተመለሱ።

ባለሙያ ጠራሁ። ከሳሪስ የመጣ፣ ራሱን "ኢንጂነር" የሚል ወጣት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት መጣ፤ የሙከራ ገጽ አተመ፤ እንደ ወርቅ ወጣ። "ኔትወርክ ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል" ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ፕሪንተሩ ጸጥ። በሁለተኛው ጠዋት መጥቶ ገመዱን ቀየረው፤ አሁንም እንደ ወርቅ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጸጥ። በሦስተኛው ጠዋት ትንሽ አሰበና፣ "ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ከሰዓት በኋላ ይሞቀዋል" አለኝ። ቬንቲሌተር ገዛሁለት። በዚያ ሰሞን ግቢው ውስጥ ንፋስ ያገኘው እሱ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ እሑድ ዕለት ግምገማ ተቀመጥን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብዬ እኔ ነኝ የሰበሰብኳቸው። ሁሉም ግለ ሂስ አወረደ። ዘይነባ ብርድ ልብሱን አመነች። ሰይድ አንድ ደብዳቤ አልወጣ ሲለው አሥራ አራት ጊዜ እንደላከ ተናዘዘ። እኔ ሰብሳቢ ስለሆንኩ ግለ ሂስ አላወረድኩም፤ "የአፈጻጸም እንጂ የመመሪያ ችግር የለብንም" ብዬ ካጠቃለልኩ በኋላ፣ "ዋናው ጠላታችን ኪራይ ሰብሳቢነት ነው" አልኩ። ይህን የማይል ስብሰባ ስላልነበረ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አባባ ዘውዴ እጃቸውን አወጡ።

"እኔ ኪራይ ሰብሳቢ ነኝ" አሉ። "በየወሩ ከሰይድ እሰበስባለሁ። ይመስክር።"

"ወላሂ ይሰበስባሉ" አለ ሰይድ።

"ግን ፕሪንተሩን አልነካሁም። ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ እመዘግባለሁ።" ከኪሳቸው የቆየች ደብተር አወጡ። ማንም ልብ አላላቸውም፤ ልብ ያላልኩት ደግሞ ከሁሉም በላይ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዓርብ ልውሰዳችሁ። ሰብለ የአማርኛ መምህርት ናት። አምስት ክረምት ሙሉ፣ ሰው ሲያርፍ እሷ ሳሪስ ወዳለ ኮሌጅ እየተመላለሰች ለዲግሪ ተምራለች። የቀራት መመረቂያ ጽሑፏን ማስረከብ ብቻ ነበር፤ ዘጠና ገጽ፣ ሦስት ቅጂ፣ ዓርብ እስከ 11፡30። ያ ካለፈ ምረቃው ለሚመጣው ክረምት ነው። አማካሪዋ የመጨረሻውን እርማት የሰጧት ሐሙስ ማታ ስለነበር አርማ የጨረሰችው ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

"ከሰዓት በኋላ ነው እኮ... ያትማል?" አለችኝ።

"ሰብልዬ፣ ቬንቲሌተር ገዝተናል፣ ገመድ ቀይረናል፣ ገምግመናል። ደግሞ እኔ አለሁ።"

ለሙከራ መጀመሪያ አንዱን ቅጂ ብቻ ላከችው። ፕሪንተሩ "ዝግጁ ነኝ" አለ። ጠበቅን። ቬንቲሌተሩን ጨመርኩለት። ዘይነባ ያለ ማንም ጥያቄ ልብሷን ከገመዱ ላይ ሰበሰበች።

ሰይድ ፍላሹን ይዞ በአይሱዙ ወደ በሰቃ ጽሕፈት ቤቶች በረረ። ጽሑፉ የተጻፈበት የአማርኛ ፊደል ግን እዚያ ኮምፒውተር ላይ አልነበረም። ይዞት የተመለሰው ገጽ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ተደባልቆ ነበር። ባቡር ላይ ፈረንሳይኛ የለመዱት አባባ ዘውዴ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና፣ "ፈረንሳይኛስ አይደለም" ብለው መለሱለት።

ስምንት ተኩል ላይ ሰብለ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ አንድ ነገር አስተካክላ እንደገና ላከች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ገባች፤ አሁንም አንድ ነገር አስተካክላ ላከች። ምን እያስተካከለች እንደሆነ ለመጠየቅ ወኔ አልነበረኝም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አምስት ክረምት በዝናብ ስትመላለስ አይቻታለሁ። ጫማዋን ምድጃ አጠገብ የማደርቅላት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን በእውነት አፈርኩ።

ይሄኔ አባባ ዘውዴ ደብተራቸውን ይዘው ሳሎን ገቡ።

"ስማ ጋዜጠኛው" አሉኝ። ሲቆጡ በሥራዬ እንጂ በስሜ አይጠሩኝም። "ሰኞ፤ መነሻ 8፡10፣ መድረሻ ማክሰኞ 1፡40። ማክሰኞ፤ መነሻ 4፡00፣ መድረሻ 4፡00። ረቡዕ፤ መነሻ 5፡25፣ መድረሻ 5፡25። ሐሙስ፤ መነሻ 5፡35... መድረሻ ዛሬ ጠዋት።"

"እና አባባ?"

"ከ5፡30 በፊት የተነሳው ሁሉ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ከተነሳው አንድም በቀኑ አልደረሰም። ባቡሩ ደህና ነው። ሐዲዱም ደህና ነው። ጣቢያውን ነው አንድ ሰው በ5፡30 የሚዘጋው።"

"ማነው የሚዘጋው?"

በከዘራቸው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው መመሪያ ጠቆሙ። "ይቺን ለማሽኑም ነግሬዋለሁ አላልክም?"

"ብያለሁ። ከ2፡30 እስከ 11፡30።"

"የማሽኑ ሰዓት የማን ነው?"

"የፈረንጅ..."

"ያንተስ?"

በጣቴ ቆጠርኩ። በፈረንጅ 11፡30 የእኛ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። በፈረንጅ 2፡30 ደግሞ የእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል። እንግዲህ የእኔ ፕሪንተር ሁለት ሳምንት ሙሉ መመሪያውን አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ ሲያስከብር ኖሯል። በሌሊት ሥራ ይገባል፣ ከምሳ በፊት ይወጣል። አገሪቱ ውስጥ መመሪያ በትክክል ያስፈጸመ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን ገመገምነው።

"ባቡር ላይ ሁለት ሰዓት ነበረን" አሉ አባባ ዘውዴ። "የፈረንጅና የሐበሻ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ጣቢያ ሲደርስ ጭሱን ነው የሚያገኘው።"

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ የሚስቴን መጽሐፍ ላጥብ ትንሽ ነው የቀረኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቼ ሰዓቱን ሰረዝኩት። ፕሪንተሩ አንዴ አቃሰተና ጀመረ... የእድር ማስታወቂያ! አባባ ዘውዴ ከምሳ በኋላ የላኳቸው አርባ ቅጂዎች ከፊት ነበሩ።

"የእኔን አውርደው" አሉ ወዲያው። "የሞተ ሰው አይቸኩልም።"

አወረድኩት። ከዚያ የሰብለ ወረቀት መውጣት ጀመረ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የላከችው ወጣ፤ ቀጥሎ ስምንት ተኩል ላይ የላከችው፣ ቀጥሎ የዘጠኝ ሰዓቱ። ሦስት ቅጂ ሞላ። ሰይድ ሞተር አስነስቶ በር ላይ ይጠብቃል፤ "አብሽሪ እትዬ ሰብለ፣ እናደርሳለን" ይላል። ሰብለ ወረቀቱን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ መሐል ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ፣ በባዶ የሽንኩርት ጆንያዎች መካከል። ኮሌጁ በር ላይ አስጠረዝን። 11፡20 ላይ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ደረስንባት፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ማህተሙን መታችልን። ሰብለ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ሆኜ አላለቀስኩም ብል ሰይድ ይታዘበኛል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰብለ በተመረቀች በወሩ ግን አማካሪዋን ሳሪስ አገኘኋቸው። እጄን ጨብጠው፣ "ለባለቤትዎ ያደረጉት ሙያዊ ድጋፍ ልብ ይነካል፤ በምስጋናው ገጽ ላይ አንብቤዋለሁ" አሉኝ። ደረቴ ተነፋ። ዓይኔ እንዲያየው ብዬ ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ ባለው ቅጂ ላይ ምስጋናው እንዲህ ይላል፦ "ባለቤቴም የሚችለውን ሞክሯል።" ደነገጥኩ። ወደ ትምህርት ክፍሉ ወጣሁ። በሦስተኛው ቅጂ ላይ የተመሰገኑት አባቷ፣ ሰይድና ዘይነባ ናቸው። የእኔ ስም የለም።

ያን ቀን ስታስተካክል የነበረው ይኼንን ኖሯል! ሰባት ተኩል፣ ስምንት ተኩል፣ ዘጠኝ ሰዓት... ሦስቱም ተጠርዘው፣ ማህተም አርፎባቸው ሄደዋል። ስለዚህ እኔ በአንድ ኮሌጅ፣ በሦስት ክፍል፣ ሦስት ዓይነት ባል ነኝ።

ቤት ገብቼ፣ "ሰብልዬ፣ ለመሆኑ ከሦስቱ እውነተኛው ምስጋናዬ የትኛው ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ያንተ ምስጋና ተልኳል" አለች። "ወረፋ ላይ ነው።"

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት እጄን ከፕሪንተሩ ሥር ዘርግቼ እጠብቃለሁ።