ለሁሉም ይሆናል ያልሁት ክትባት

የከተማ ሰው ገጠር ሲገባ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የገበሬው ጆሮ ምንም አልሆነም። ከመስኩ ማዶ የጠፋች ጊደር ስትጮህ የማን እንደሆነች ለይቶ የሚነግራችሁ ሰው ነው። እኛ ግን እንጮህበታለን። ቃሉንም ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን እንደሚላም እህል እናደቅለታለን፤ ያደቀቅነው እንዳይመረው ደግሞ ትንሽ ማር ጣል እናደርግበታለን። ማሩ ውሸት ነው። እኛ «ማቅለል» እንለዋለን።

እኔም አቅልዬ አውቃለሁ።

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ወረታ አስተማሪ ነበርሁ። ወረታ ያን ጊዜ በመኪና መንገድ ዳርና ዳር የተደረደረች፣ ግማሽዋ ቆርቆሮ ግማሽዋ ሣር ክዳን የሆነች ከተማ ነበረች፤ ክረምት ሲገባና ውኃው ሜዳው ላይ ሲተኛ በላዩ የምትንሳፈፍ ትመስላለች። እኔ ስለ እርሷ ብዙ ቅሬታ ነበረኝ። እርሷ ስለ እኔ ምንም አልነበራት።

ጥር ላይ የፈንጣጣ ከታቢ በበቅሎ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት ነው፤ ከሰው ይልቅ ከባለ ሁለት ጥርስ መርፌው ጋር የሚግባባ ይመስላል። ሕዝቡን የሚያስረዳ አፍ ያለው ሰው ይፈለግ ተባለ። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ደስ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ቆሜ ሰበክሁ። ከፊቴ ከተቀመጡት ግማሾቹ ፊታቸውን ፈንጣጣ የጠቀጠቀው ሰዎች ናቸው። እኔ ስለ ፈንጣጣ ክፋት አስተማርኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ አያ ዳምጤ ተነሡ። ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ሲናገሩ የሰውን ፊት ትተው ዱላቸውን የሚያዩ፣ ከብታቸውን እንደ ልጆቻቸው በስም የሚጠሩ ገበሬ ናቸው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «የከብት ሐኪሞቹ ከብታችንን ለደስታ ሲወጉልን፣ ይኸ ለአባ ሰንጋ አይሆንም፣ ለእርሱ ሌላ መርፌ አለው ብለውናል። የልጆቹስ? ለፈንጣጣ ብቻ ነው፣ ወይስ ለኩፍኙም ይሆናል?»

ደስታ ማለት መንጋ ሙሉ ከብት በሳምንት የሚጨርሰው ወረርሽኝ ነው። ክፉውን በደግ ስም መጥራት የአገሩ ጥበብ ነው። ጥያቄው ግን ምንም ጥበብ አያሻውም፤ ጥርት ያለ ነበር። ከታቢው ሊመልስ አፉን ከፈተ። እኔ ግን ከኋላ ጥቂት ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለመሄድ ሲነሡ አየሁ። «ለፈንጣጣ ብቻ» ከተባለ ሰው ሁሉ የሚበተን መሰለኝ። ቀደምሁት።

«ሰው እንደ ከብት አይደለም፣ አያ ዳምጤ!» አልሁ ጮክ ብዬ። «የሰው መድኃኒት ረቂቅ ነው። ለሁሉም ይሆናል!»

ከታቢው ለአፍታ አየኝና ወደ መርፌው ተመለሰ። ሰልፉ ሾላውን ዞሮ እስከ መንገዱ ደረሰ። አያ ዳምጤም የስድስት ዓመት ልጃቸውን ብርቄን አስከተቡ። አላለቀሰችም። ቁስሉ ሽሮ ጠባሳ ሲሆን እጅጌዋን እየሰበሰበች ላገኘችው ሁሉ ታሳይ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ኩፍኝ ጎረቤታችን ይፋግ ከተማ ገባ።

በዚያ አገር ኩፍኝ የገባበት ቤት ደንብ አለው። የታመመው ልጅ ጨለም ባለ ጓዳ ይተኛል። «ግቡ» የሚል የለም። ልጅ ያዘለች እናት ከደጅ ሆና ጠይቃ ትመለሳለች። ማንም መጽሐፍ አላስተማራቸውም። እንዲያውም መጽሐፍ የማስተምረው እኔ ይህን ልማድ ክፍል ውስጥ ኋላ ቀርነት ብዬዋለሁ።

የአያ ዳምጤ ሚስት የሺ፣ ይፋግ ያለችው እህቷ ልጅ ታመመባት ሲሏት ብርቄን ይዛ ሄደች። እህቷ ከበር ላይ ጮኸችባት አሉ።

«ልጅቱን ይዘሽ እንዳትገቢ! አብደሻል?»

«ምን ትሆናለች ብለሽ ነው? የኛይቱ ተከትባለች። ለሁሉም ይሆናል ብለዋል መምህሩ!»

የብርቄን እጅጌ ገልጣ ጠባሳውን አሳየቻት። ገቡ።

በሁለተኛው ሳምንት ብርቄ በትኩሳት ነደደች። ስሰማ ሄድሁ። ጓዳው ውስጥ ፊቷ ሽፍ ብሎ፣ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቆ፣ እንደ ሽማግሌ እያሳለች ተኝታለች። የሺ ዓይኗን በረጠበ ጨርቅ ትጠርጋለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ በወደድሁ።

«መምህር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «መርፌው ምነው ዘገየ? መቼ ነው ሥራውን የሚጀምር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ይጀምራል» አልኋትና ወጣሁ። ሁለተኛው ማር መሆኑ ነው።

ብርቄ ተረፈች። ቀኝ ዓይኗ ላይ ግን ነጭ ነጠብጣብ ቀረ፤ በዚያ በኩል ብርሃን እንጂ ሰው አታይም።

ዝናቡ ሳይጥል ከታቢው በመጀመሪያው ዙር ያመለጡትን ሕፃናት ሊከትብ ተመለሰ። ሾላው ሥር የመጣው ሕዝብ በጥር የመጣውን ግማሽ አይሆንም፤ የመጣውም ያንሾካሹካል። እኔ ተዘጋጅቼበታለሁ። «ባትከተብ ኖሮ ኩፍኙ ይገድላት ነበር» ልል ነው። የሚያምር ነገር ነው፤ ሐሰት መሆኑን ማን ያውቃል?

ልነሣ ስል አያ ዳምጤ ብርቄን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«ዛሬ እንኳ ይቀመጡ፣ መምህር» አሉ።

ተቀመጥሁ።

«ይኸ መርፌ የፈንጣጣ ነው» አሉ ለሕዝቡ፣ ዱላቸውን እያዩ። «የፈንጣጣ ብቻ። ኩፍኝ አይመልስም፤ ለኔይቱ አልመለሰላትም፣ ይኸው እዩዋት። ኩፍኝ ሲመጣ እንደ ጥንቱ ደጃችንን እንዝጋ። ለፈንጣጣ ደግሞ እንከተብ፤ ፈንጣጣን የማታውቁት ካላችሁ የኔን ፊት እዩ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ማለት ከብዶ ነው?»

ሕፃን የታቀፈች ሴት ከመካከል ብድግ አለች።

«የኩፍኙስ መርፌ መቼ ይመጣል፣ መምህር?»

«በቅርቡ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ብርቄ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በደኅናው ዓይኗ ታየኛለች።

«አላውቅም፣ እቴ» አልሁ።

ይበተናሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና የሕፃኗን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

«በሉ እንግዲያ» አለች፣ «የምታውቁትን ክተቡልኝ።»