ገዳሪፍ ላይ ያለቀስኩት ለቅሶ

ሰው አገር ሠርቶ መብላት ከባድ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ አልልም። ሥራው ሥራ ነው፤ ጎማ የትም ጎማ ነው። ከባዱ ሕጉን መከተል ነው። ዓረብ አገር ማታ አብሯችሁ የተኛው ሕግ ጠዋት አብሯችሁ አይነሳም። የውጭ ሰው ሱቅ መክፈት ይችላል ይባላል፣ ሳምንት ደስ ይላችኋል፤ በሳምንቱ አይችልም ይባላል። ሹሙ ይቀየራል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ የትናንቱ የጭቃ ቤት መስታወት በመስታወት ይሆናል፤ የእናንተ ወረቀት ግን ያው የአምናው ነው። ዛሬ መተማ ተቀምጬ ለሰሊጥ ጫኝ መኪኖች ጎማ ስለጥፍ፣ ከኮኪት አጨዳ የተመለሰ ሁሉ ጎራ ይልና "ጋሼ፣ የትኛው ዓረብ አገር ይሻላል?" ይለኛል። ሱዳን ጦርነት ከገባባት ወዲህ ደግሞ ሁሉም ልቡ ከባሕሩ ማዶ ነው። ብዙ አልመልስም። ለእናንተ ግን አንዷን ልንገራችሁ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባሁት ጢም ሳላበቅል ነው። እንዴት እንደገባሁ ይቅር። ሁለት ዓመት የማሽላ ጆንያ ተሸከምኩ፤ ከዚያ ሐጂ በሺር የሚባሉ ሽማግሌ በመንገድ ዳር መሬታቸው ላይ ጎሚስታ አስከፈቱኝ። የውጭ ሰው ያለ አገሬው ዋስ መነገድ ስለማይችል ፈቃዱ በስማቸው ነበር። ፖሊስ የውጭ ሰው ሊያፍስ በወጣ ቁጥር ሐጂ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ይመጡና ደጄ ላይ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣሉ። "ይሄ የእኔ ነው" ይላሉ። እኔን ይሁን ሱቁን፣ አይለዩም። ፖሊሶቹም አይጠይቁም። በሌላው ቀን ደግሞ ከስግደት ሲመለሱ ሁለት ሻይ ያስመጣሉ። ብቻቸውን አይጠጡም። ብዙም አናወራም። አምስት ዓመት እንዲህ ሻይ ጠጣን።

በመካከል የአባቴ መርዶ መጣ፤ ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ። የሚያለቅስልኝም የማለቅስበትም ስላልነበረ፣ ያን ቀን ሰባት ጎማ ለጠፍኩ።

ከዓመት በኋላ ሐጂ በሺር ሞቱ።

ልጃቸው ሙዓዝ ከሚሠራበት የባሕረ ሰላጤ አገር በአውሮፕላን ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጥቶ ሱቄን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ "ይሄ ፈርሶ የሞባይል መሸጫ ቢሆን ያምራል" ብሎ የሄደ ሰው ነው። አሁን መሬቱም ፈቃዱም በእሱ እጅ ገባ። እሱ አይሆንም ካለ መተማ እስክመለስ የሚያቆመኝ የለም። አብሮኝ የሚኖረው አያሌው የሚባል ጎጃሜ፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ፣ ለቅሶ ቤት ሳንሄድ መከረኝ።

"ልጁ ዓይን ፊት ተቀመጥ። ጨዋ ሁን። ዛሬ ነው ነገርህ የሚያልቀው።"

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። እዚያ ወንድ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሐ የሚሉትን የቁርኣን መክፈቻ ይደግማል፣ ተቀማጩም መዳፉን ያነሳል፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። የእኔ ሃይማኖት ሌላ ቢሆንም እጅ ማንሳቱን በሌላ ሰው ለቅሶ ለአክብሮት ሦስቴ አድርጌዋለሁ። መንገድ ላይም ተለማመድኩ። ድንኳኑ ሲታየኝ ግን እግሬ አገሬ ጎንደር ገባ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት በዝምታ የሚገባ ወዳጅ የለም፤ ከሩቅ እየጮኸ ነው የሚገባው። ጮኽኩ። ደረቴን መታሁ። "ወይኔ ጋሼ! ሻይ ብቻዎን የማይወዱ፣ ዛሬ ማን ጠራዎት!" እያልኩ በወንበሮቹ መካከል አለፍኩ። አንድ ድንኳን ሙሉ ሰው መዳፉን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ፤ አንዱ ውሃ ሰጠኝ። ሙዓዝ ከፊት ሆኖ አየኝ።

ስንመለስ አያሌው ዝም አላለም።

"ሰውዬውን ነው ሱቁን ያለቀስክለት?"

"ተወኝ።"

"ሱቁንማ በደንብ አድርገህ ቀበርከው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለማን እንዳለቀስኩ ያኔም አላወቅሁም። የተጠራቀመ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሙዓዝ መጣ። መፍቻዎቼን በጆንያ ሰብስቤ ነበር። ደጄ ላይ፣ የአባቱ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

"ያን ቀን ምን እያልክ ነበር? በዓረብኛ ንገረኝ።"

ነገርኩት። የሻይዋን ነገርኩት። በዓረብኛ ስትባል ቅጥን አለችብኝ።

"ሌላስ?"

"ጎማው ላይ ከእንግዲህ ማን ይቀመጣል፣ ብያለሁ።"

የተቀመጠበትን ዝቅ ብሎ አየ። ሳይነሳ ቆየ።

"እኛ ጋ መጮህ ነውር ነው፣ ታውቃለህ" አለ።

"አውቃለሁ። ይቅርታ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እጁን እያነሳ ገባ፣ ወጣ። አባቴ እንደ ሞተ የገባኝ አንተ ስትጮህ ነው።"

ከዚያ ፊቱን በመሐረቡ ጠረገና ወደ ጆንያው አመለከተ። "ይሄን ፍታው። ፈቃዱን ወደ ስሜ አዞረዋለሁ።" የሞባይል ሱቁን ከጎኔ ሠራው፤ መስታወት በመስታወት።

ወሬው ገዳሪፍ ላለ ሐበሻ ሁሉ ተዳረሰ። በወሩ ገደማ አያሌው ራሱ ፈራ ተባ እያለ መጣ።

"ያን ለቅሶህን አስተምረኝ እስቲ" አለ። "የእኔን ዋስ አሟቸዋል።"

"ምን ሆኑ?"

"ጉንፋን ቢጤ ነው። ቀደም ብዬ ልዘጋጅ ብዬ ነው።"

ሱቄን ዘጋሁ። ብርቱካን ገዝተን ሰውዬውን ልንጠይቃቸው ሄድን። አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሦስት ብርቱካን ልጠው በሉ፤ አንድ ፍሬም አያሌውን በእጃቸው አጎረሱት። አያሌው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ዞር አለ። ስንወጣ፣ "ይኸው፣ ሳላስተምርህ ቻልከው" አልኩት።